ቅጽ ቁጥር ሦስት

ጠረጴዛዬ ላይ የአዳማ አቧራ፣
አቧራው ላይ ቅጽ፣ ቅጹ ላይ ጥያቄ፦
«ኪሳራ ለመሸከም ድፍረትዎ ምን ያህል ነው?»
ዝቅተኛ። መካከለኛ። ከፍተኛ።

ሁንዴሳ ሳያነብ ሦስተኛውን ከበበ፣
ዕዳዋ ያላለቀ ባጃጁን ደጅ አቁሞ፣
ቁልፉን በጣቱ እያሾረ፦
«አክሲዮን ማለት እኮ ገብቶኛል!»

ዘርፌሽዋል ብሩን ሦስቴ ቆጠረች፤
ቅጹን አራቴ አነበበች።
«እኔ እንጃ... ባለቤቴን ልጠይቀው ይሆን?»
ዝቅተኛን ከበበች፣
ቀለሙ እንዳያልቅ የሳሳች ይመስል፣ ቀስ ብላ።

ጥፍሯ ሥር የሽንኩርት ልጣጭ አየሁ።
ከመቂ በዱቤ ያነሳችው ስልሳ ኩንታል
ገበያ ዳር፣ ሸራ ሥር ተከምሯል፤
በወንጂ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል።
ዝናብ ከቀደመ ይበሰብሳል፣
ዋጋ ከቀደመ የልጆቹ ትምህርት ቤት ይከፈላል።
በየሳምንቱ ከሰማይ ጋር ትወራረዳለች፤
ድፍረት ብሎ የጠራላት የለም፣
እሷም ብትሆን «ሥራ» ነው የምትለው።

«እዚህ ጋ ይፈርሙ» አልኳት።
ፈርማ ሮጠች፣
ነፋሱ ሸራውን ሳይገልጥባት።

ያቺን ክብ ልሰርዛት እጄ ሄዶ ነበር።
ደንቡ አይፈቅድም።
ማኅተሜን አንስቼ
መታሁባት።