ያለ ድኝ

ከወንጂ መንገድ ወዲህ፣ አሸዋማው መሬት ላይ፣
ያኔ ነጭ ወይኔን በሙሉ አለበሰው አመዳይ።
የብርድ እንዳይመስላችሁ፤ አዳማ መቼ በርዶ!
ዱቄት ነው፣ ያለ ወፍጮ፣ ከቅጠል ላይ ወርዶ
ፍሬ የሚሰነጥቅ።

ድኝ ስረጭ ከረምኩ፣ ፓምፕ እንደ ልጅ አዝዬ፤
ቡርቄ አኮረፈች፦ «ገሃነም ሸተትክ እኮ፣ ሰውዬ!»

በኋላ ችግኝ መጣ፣ ስም የሌለው፤ ባንገቱ
ቆርቆሮ አንጠልጥሏል፣ «ሠላሳ አንድ» ነው ጽሕፈቱ።
ጎረቤቱ አመድ ለብሶ፣ እሱ መሃል አረንጓዴ፤
ቅጠሉን ብገለብጠው ንጹሕ፤ ተጠራጠረ ሆዴ።
ሦስት ዓመት ጠበቅሁት። ከነፋሱ አቧራ በቀር
ሌላ ነጭ አልነካውም፤
ፍሬው ሳስቶ ሳስቶ፣ ዘሩ ከውስጥ ይታይ ነበር።

«ትንሽ ይኮመጥጣል» አለ መዛኙ፣ ፊቱን ቋጥሮ፤
«አንተንስ ማን ቀመሰህ?» አለችው ቡርቄ ከጓሮ።

ሐረጉ አፍ ቢኖረው፣ «ይኸው፣ ያለ ድኝ ድኜ!»
ይለኝ ነበር በማለዳ፤ እኔ ግን መች አምኜ።
ፓምፑ ግድግዳ ላይ ነው፣ ጎማው ደርቆ፤ ዶሮ ታድርበታለች፤
ጠዋት ጠዋት ግን እጄ፣ ሳላዛት፣
ቅጠል ትገለብጣለች።