ከድምፅ በፊት

አዘዞ፣ ከሜዳው ዳር፣ ጣሪያው በሚያፈስ አሮጌ መጋዘን፣
የቀጥቃጩን ወናፍ፣ ከነባለቤቱ፣ በውሰት አምጥተን
ንፋስ ነፋንባት።
ሦስተኛዋ ናት ይቺ፤ የሁለት እህቶቿ ክንፍ ተጣመመ፤
ይቺ ግን ጸናች፣ ጭሱ በአፍንጫዋ ተሰንጥቆ ተመመ።

"ከድምጿ ትቀድማለች" አልሁት ለዋኘው፣ በጠመኔ ሥዬ፤
"ጉርምርምታው ሲደርስ ቦንቡ ፈንድቶ አልቋል፤ ይኸው ነው መላዬ።"

ወናፉን አቆመ።
"እናቴ" አለ፣ "በጣልያን ጊዜ፣ የእንግሊዙ አውሮፕላን
ገና ከጣና ማዶ ሲያጓራ ሰምታው ነው ዋሻ የገባችው፣
እኔን በሆዷ ይዛ።"
እጁን በሽርጡ ጠረገ።
"ያንተዋንስ በምን ትስማት?"

ጠመኔው ጣቴ ላይ ደቀቀ።
ወናፉን ተሸክሞ ወጣ፣ ወደ ወለቃ።
ቆዳው በየእርምጃው ይተነፍስ ነበር፤
ከሩቅም ይሰማ ነበር።