የፊደል ሆድ

ቆርጬ ነው የገዛሁት፣ መቁረጫ ነው እሱም፤
ሁለት ክረምት ሌሊት፣ ቅዳሜም እሑድም፣
ከሥጋው ፋብሪካ ሣጥን ስደረድር፣
ጣቴ ደንዝዞብኝ ዶላሩን ስቆጥር።

በጥር አጋማሽ ላይ፣ በኤድመንተን በረዶ፣
ከደጄ ጣለልኝ ሾፌሩ ተናዶ፤
እኔን ያክላል በክብደት፣ መንገድ ዘግቶ ቆሟል።
ዘቢደር በመስኮት፦ «ፍሪጅ ነው?» ብላለች፤
ዋጋውን ስነግራት መጋረጃ ዘጋች።

ኮቫልቹክ ከማዶ፣ ሰማንያ ያለፈው፣
የልጅ ልጁን ሸርተቴ ጎትቶ መጣ ይኸው፤
መላጊያ አያያዝ እሱ ነው ያስተማረኝ፣
«እንጨት ሲከፋው ይጮኻል፣ ስማው» ብሎ የነገረኝ።
ጋራዥ አስገባነው። ክዳኑን ከፈተ፣ አጎንብሶ አየና
«ይሄ ማተሚያ እንጂ አናጢ አይደለም» አለና
ከመዶሻዎቼ አጠገብ ሄዶ ቆመ።

ስለት የለው ስለት ነው፤ ብርሃን ነው የሚቆርጠው።
እኔም ስለት ነበረብኝ፣ ሌባ ጣቴን መጋዝ ጫፉን ሲበላው፦
ጥርስ ላለው ነገር ዳግመኛ እጄን አልሰጥም ብዬ።

ቱቦ በመስኮት አወጣሁ፣ ጭሱን እንዲተፋ፤
እንዳልተጠራ እንግዳ ብርዱ ገብቶ ተስፋፋ።
የማቀዝቀዣው ውኃ ራሱ በብርድ እንዳይሞት
የመኪና ፈሳሽ ቀላቀልኩለት፤
ለማቀዝቀዣ ማሞቂያ! ዘቢደር ሳቀችበት።

መጀመሪያ ምን ይቆረጥ? የልጄ ስም፣ በበርች ሳንቃ።
ማዕዶት፣ ሰባት ዓመቷ፣
ከነፒጃማዋ ቆማለች፣ መከላከያ መነጽሯን አጥብቃ።
ቀይ ነጥብ እንደ ትንኝ ዞረች፣ አረፈች፤
ቀጥሎ የማይታየው መጣ፤ ሳንቃዋ ቀስ ብላ ጨሰች፣
የተቃጠለ ስኳር ሸተተ።
ድምፅ የለም፣ ማራገቢያው ብቻ።
ኮቫልቹክ ጆሮውን አቀረበ። እንጨቱ አልጮኸም።
«እንግዲህ አልከፋውም» አለ፤
እሱን ግን የከፋው ይመስላል።

ሳንቃዋን አነሣሁ። ፊደሎቹ ወደቁ፣ መውደቃቸው ልክ ነው፤
ሆዳቸው ግን አብሮ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ አለ፤
ሁለት ክብ ከማ፣ አንድ ክብ ከዕ፣
ከጠረጴዛው ሥር እየተንከባለለ።
የልጄ ስም ሆዱ ወጥቶ፣ አፉን ከፍቶ ቀረ።
ያ ሁሉ የመመሪያ ገጽ ስለ ፊደል ሆድ አንዲት ቃል የለውም፤
የጻፈው ሰው፣ መቼስ፣ ማ ብሎ አያውቅም።

ሽማግሌው ሳቀ። ፊደሌን ማንበብ አይችልም፣
ነገሩን ግን ያውቀዋል፤
በወጣትነቱ፣ በቆርቆሮ ቅድ፣
በእህል ባቡር ጎን ላይ ስም ሲቀባ
«ኦ» የሚባለው ፊደላቸው
ሁልጊዜ መሃሉ እየወደቀ ያስቸግረው ነበር።
«ድልድይ ተውለት» አለኝ፣
በወፍራም እርሳሱ ሁለት ጭረት እያሰመረ፤
«ቀጭን ትበቃለች፣ ሆዱን ከዳሩ የምትይዝ።»
ማዕዶት ማለት እኮ መሻገር ነው አልኩት።
«ታዲያ ያለ ድልድይ እንዴት አሰብከው?»

እኩለ ሌሊት ሲሆን ሁለተኛዋ ሳንቃ
ድልድዮቿን ይዛ ወጣች፤ ምንም አልወደቀ።
ጠርዟ ግን እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሯል፤
ተቀምጬ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግሁት፤
ለጣቶቼ ሥራ አልጠፋም፣
ለጎደለውም ጭምር።

ልጄ ግን ሳንቃዋን ከቁም ነገር አልቆጠረቻትም።
ሦስቱን ሆዶች ከወለሉ ለቅማ
በሙጫ ከማሽኑ ክዳን ላይ ለጠፈች፦
የማ ሁለት ዓይን፣
የዕ ደግሞ አፍ፤ ክብ አፍ፣ እንደ ተገረመ ሰው።
ዘቢደርም ያንን ካየች ወዲህ ዋጋውን አላነሣችም፤
ኮቫልቹክም ጠዋት ጠዋት፣
በረዶውን ከጫማው አራግፎ ሲገባ፣
እኔን አልፎኝ ይሄድና
መጀመሪያ እሱን ነው «እንዴት አደርክ?» የሚለው።