የተገለበጠች ፊደል

ቀን ድንች ፋብሪካ፣ ከሚፈላ ዘይት፣
ማታ ጋራዤ ውስጥ፣ ከሚጠፋ ዘይት፤
እጄ ሳይደርቅ ኖርኩ።

ሞተር ሲያረጅማ ይቀምሳል ጥቂት፤
ይቺ ግን ጨለጠች፣ በወር ሁለት ሊትር።
ከሥሯ ያነጠፍኩት ካርቶን ሲመረመር
አንድ ጠብታ የለው፤ ደረቅ ነው እንዳደረ።
ካላፈሰሰችው፣ ታዲያ የት ቀረ?

ልዑልሰገድ መጣ፤ ጎንበስ ብሎ አሸተተ፣
«ፋሻ ነው፣ አትልፋ፤ ሞተሯማ ሞተ!»
እኔ ግን በፍርድ አልቸኩልም፤
ምስክር ሳይሰማ ዳኛ አይፈርድም።

ጭሱን አላየሁም። ሌዝብሪጅ ላይ ነፋስ
ከማርሚታው አፍ ላይ፣ ገና ሳይተነፍስ፣
ነጥቆት ይሄዳል፤
ነጂም ፊቱ ወደ ፊት ነውና
አያየውም የራሱን ደመና።

ስለዚህ እታገኝ በመኪና ተከተለችኝ፤
ከወንዙ ሸለቆ ዳገቱን ስወጣ፣
ቤንዚን ስሰጣት፣ በጆሮዬ ጮኸችብኝ፦
«ሰማያዊ! አሁን! ወፍራም ሆኖ መጣ!»
«ቁልቁለቱ ላይስ?»
«ምንም የለም። ጠፋ።»
የቫልቮላው ጎማ እዚያው ላይ፣ በነጻ ተሰናበተ።

የግራው ካንዴላ የሽምብራ ቆሎ፣
የቀኙ ግን ርጥብ፣ ቅባት ለብሶ ከስሎ።
ግፊት ለካሁ፤ ሁለቱም እኩል ቆሙ።
በማንኪያ ዘይት ጨምሬ ደገምኩ፤
መርፌው ንቅንቅ አላለም።
ፋሻው ጤነኛ፣ ጎማው ጤነኛ፣
ማን ነው የሚጠጣው፣ ይሄ ቀማኛ?

ያኔ ነው ወንበሩን ያነሳሁት።
በፕላስቲክ ተጠቅልሎ አንድ ደብተር ተኝቷል፤
ሦስት ሰው ጽፎበታል፤ ሦስቱም ያውቁ ነበር።

ቨርን፣ በእርሳስ፦ «ጎማዎቹን ቀየርኩ። ያው ነው።»
ማርጎ፣ በጥንቃቄ፣ ቀን እየጠቀሰች፦
«የመተንፈሻው ቱቦ አዲስ። ያው ነው።»
የሸጠልኝ ክሊንት፣ በሚሮጥ ጽሕፈት፦
«ወፍራም ዘይት ሞከርኩ። ሰኞ ገዥ ይመጣል።»

ሰኞ የመጣሁት እኔ ነኝ።
ትዝ ይለኛል፤ ማርሚታው ታጥቦ ያበራ ነበር፤
ዘይቱ በመስኮቱ እስከ አፍ ሞልቶ፤
እጄን ጨበጠኝ፣ ስለ አየሩ አወራን።

ልናደድ አስቤ፣ ደብተሩን ዘግቼ፣
ቴስታታውን ፈታሁ እጄን ሰብስቤ።
በሁለተኛው ማታ ሲሊንደሩ ወጣ።
ከፋሻዎቹ መካከለኛዋን በጥፍሬ ጠርጌ
ባትሪ አበራሁባት፤
ከተልባ ፍሬ የምታንስ አንዲት ፊደል፣
ፋብሪካው ወደ ላይ ትሁን ብሎ የቀረጻት፣
ወደ ታች ዞራለች።

ዘይቱን ጠርጋ ልታወርድ የተሠራች ከንፈር
ወደ ላይ፣ ወደ እሳቱ፣ ስትገፋው ነበር።
አልተሰበረችም። አልሰነፈችም።
ሃያ ዓመት ሙሉ ተግታ ሠራች፤
ተገልብጣ ተጋች።

ያስገባት እጅ የማን እንደሆነ አላውቅም፤
ምናልባት መሽቶበት፣ ምናልባት መነጽሩን ረስቶ ቤቱ፣
ምናልባት ስልክ ጠርቶ፣ ሲመለስ ተዘንግቶት ስቶ፤
የአንድ ደቂቃ ነገር ነው።
ከዚያ ወዲያ ሁሉም ጤነኛውን ሲያክም ኖረ።

አዲስ ፋሻ መጣ። ከማስገባቴ በፊት
ፊደሏን ለእታገኝ አስነበብኳት፤
ቀጥሎ ለልዑልሰገድ።
እሱ ሆዬ፣ እጁን አጣምሮ፣
«እኔስ ፋሻ ነው አላልኩም ወይ?» አለ።
ብሏል። ምን ይባላል።

ከክሊንት መስመር በታች፣ በአማርኛ፣ እንዲህ ጻፍኩ፦
«ስምንት መቶ ኪሎሜትር። ዘይቱ እንዳለ ነው።
ስትፈታት ፊደሏን እይ።»
ከእኔ የሚገዛት ሰው ማንበብ አይችል ይሆናል፤
ገጹን አዙሮ፣ ገልብጦ፣ መልሶ አዙሮ
የትኛው ጎን ራስ፣ የትኛው እግር እንደሆነ
ግራ ይገባው ይሆናል።

ከጎኑ ቀስት ሳልኩለት።
ወደ ላይ።