ጉልበት

ፒያሳ፣ ፎቅ ላይ ነው የመድን ቢሮዬ፤
የሰው አደጋ ነው የዕለት ሥራዬ።
የቱ ሾፌር ጠጪ፣ የቱ ጎማ ሙልጭ፣
የቱ ባጃጅ የት ጋ ስንቴ እንደሚጋጭ፤
ለመተማ ጥጥ፣ ለሁመራ ሰሊጥ፣
በስጋት ሚዛን ነው ዋጋ የምሰጥ።

ዶክተሩ ነው ያለኝ፣ «ስኳርህ ጫፍ ደርሷል፤
ወይ ኪኒን ዋጥ፣ ወይ ሩጥ።» እግሬ ምን ያንሰዋል?
ከቅዳሜ ገበያ ልባሽ ጫማ ገዛሁ፤
የማን እንደነበር ሳልጠይቅ አጠለቅሁ።
ተረከዙ በአንድ ጎን ተበልቶ ነበር፤
የሌላ ሰው አካሄድ፣ የሌላ ሰው አገር።

የመጀመሪያው ሳምንት እስከ ማራኪ ድረስ፤
ትንፋሼ ተቆርጦ በባጃጅ ስመለስ።
ልብስ ሰፊው ይርሳው «አዘዞ» አለ አንድ ቀን፤
እንደ ስሙ ሆኜ ረሳሁ ዕድሜዬን።
አምስት ኪሎ ሜትር ዐሥራ ሁለት ሆነ፤
ለዕረፍት ያልኩት ቀን እየበነነ።
ጉልበቴ እንደ አሮጌ በር ሲጥ ሲል ሰማሁት፤
«የብርድ ነው» ብዬ በቫዝሊን አሸሁት።
(ፍሬኑ እምቢ ያለው ሾፌርም እንዲህ ይላል፦
«ትንሽ ትጮህ ነበር፣ ማን ይህን ገምቷል?»)

ማክሰኞ ዕለት ነው። አልወደቅሁም እኮ።
መውደቅስ ወግ አለው፣ ሰው ይሰበሰባል፤
ጉልበቴ ግን ዝም ብሎ፣ «አልታጠፍም» ብሏል።

ሆስፒታል፣ ዘቢደር ጉልበቴን ዳሰሰች፤
«በሳምንት ስንት ስንት ነው የጨመርከው?» አለች።
ቁጥር! ለእኔ! ቁጥር! በጣቴ ቆጠርኩኝ፤
በሁለት ወር ውስጥ ከስድስት ሠላሳ። አላበኝ።
«ሥራህስ?» «መድን ነኝ።» ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁኝ፤
ስስቅ ጭምር ነው ጉልበቴን ያመመኝ።

«ስድስት ሳምንት» አለች። ዐሥራ አንድ ሰዓት ሲል
የነይርሳው ኮቴ በደጄ ቁልቁል ሲንከባለል
ጆሮዬ ይሮጣል።
እግሬ ግን አልጋ ጠርዝ፣ በላስቲክ ታስሮ፣
ይነሣል፣ ይወርዳል፣ ዐሥር ዐሥር ቆጥሮ።
ያ ግንብ እንኳ ይኸው በእንጨት ተደግፏል፤
የኔ አርባ ስድስት ዓመት ምን ነውር ይሆናል?
አማርኛም ለካ አውቆ ነው ያደረገው፦
መታጠፊያውንም አቅሙንም «ጉልበት» ያለው።

ትናንት ጫማዬን ከአልጋ ሥር ሳወጣው፣
ገልብጬ ተረከዙን በደንብ ስመረምረው፣
ያ ያልተነካው ጎን በእኔ ተበልቷል፤
በሁለት ሰው እግር ግራ ቀኙ እኩል ሆኗል።
ለጥ ያለ ተረከዝ።
እንጃ ያንን ሰው። የት አገር ነው? ማን ነው?
እሱንም አሞት ይሆን ጫማውን የጣለው?