የአንድ ትንፋሽ ርዝመት

"ሦስት ደቂቃ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ሰው አያይም" አሉኝ፣
ገንዘቡን የያዙት፣ ከአቴንስ ሲደውሉልኝ።
"ደሴቱን አሳዪን፤ ሙቀቱን፣ ሕመሙን፤
እንባም ካለ ጥሩ፣ ቀረብ አርጊው ፊቱን።"

ፖቲያ ወደብ ወረድሁ፣ ካሜራዬን አዝዬ፣
ካሊምኖስ ደሴት ላይ፣ በሐምሌ ተቃጥዬ።
ባሕሩ ይስቅ ነበር፤ ደስ ይላል ለተመልካች፤
ውሃ እያሳሳቀ መውሰዱን የረሳሁት እኔ ነኝ።

ቴሜሊና ትባላለች፣ የጤና ጣቢያዋ ነርስ፣
የግፊት መለኪያ ይዛ ቤት ለቤት የምትደርስ።
ቧንቧ ከፈተችና "ቅመሺው" አለችኝ፤
ጨው ነው። ሳቄ መጣ። ዝም ብላ አየችኝ።
"ዝናብ ከራቀን ወዲህ፣ በምድር ሆድ ሾልኮ፣
ባሕሩ ጉድጓዳችን ገብቷል፤ እንግዳ ነው፣ እንዳትይው፣ አይሄድም እኮ።"
ደብተሯን ገለጠች፦ መቶ ሰባ፣ መቶ ሰማንያ፣
ስም ከስም ሥር፣ ጎረቤት ከጎረቤት፣ የመንደሩ ሁሉ ገበያ።

የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል ይባላል፤
እዚህ ምርጫ የለም፤
ብልሁም ሞኙም ከአንድ ቧንቧ ይቀዳል።

ስኬቮስ ፊቴ ተቀመጠ፤ ማይኩን ከሸሚዙ አሰርሁ፤
ስለ ጤናው ብጠይቀው ስለ ስፖንጅ መለሰ፤ ሳላቋርጠው ቀረጽሁ።
"በአንድ ትንፋሽ ሦስት ደቂቃ፣ ድንጋይ ታቅፌ ሰጥሜ፣
ስፖንጅ እቆርጥ ነበር፣ ከባሕሩ ወለል ቆሜ።
አሁን ውሃው ሞቀ። ስፖንጁም ነጥቶ፣ በስብሶ፣
ስትነኪው ይወርዳል፣ እንደ ራሰ ዳቦ ተልፈስፍሶ።
አራት ደረጃ ነው፣ ከደጄ እስከ መንገዱ፤
ሁለት ጊዜ አርፋለሁ፣ ሲበረታ ነዱ።"

ከጎኑ ወንበር ነበር። ባዶ።
"የሰቫስቲ ነው" አለ።
ሌላ አልጨመረም።

በኋላ መኪና ውስጥ ቴሜሊና ነገረችኝ።
አምና ነው፤ አርባ አራት ዲግሪ፤
ሌሊቱም እንደ ቀኑ።
በስድስተኛው ሌሊት መብራት ጠፋ፣ ማራገቢያው ቆመ፤
ጠዋት ሚስቱን ቀሰቀሳት፣ አልነቃችም።
ሙቀት የሚል ቦታ ቅጹ ላይ አልነበረም፤
ልብ ብለው ጻፉ፤
ልብ ያለ ግን የለም።

ማታ ሆቴል ውስጥ ስቆርጥ፣ ስቀጥል፣
"እንባው የት አለ?" የሚል መልእክት ከአቴንስ ገባ።
እንባ የለም።
አንድ ሽማግሌ አለ፣
ያልቆሸሸ ወንበር በመዳፉ የሚጠርግ፣
አንዴ፣ ደግሞ አንዴ።
ያን ሳልነካ ተውሁት። ቃል የለበትም፣ ሙዚቃም አልጨመርሁ፤
ከኩሽናው የቧንቧ ጠብታ ይሰማል፣ በቃ።

ዓርብ ማታ በትምህርት ቤቱ ግቢ አንሶላ ተሰቀለ።
ልጆቹ "ያ የእኛ ቤት!" እያሉ ጮኹ፤
ዳቦ ጋጋሪው ቦርጩን አይቶ ተሳደበ።
ሰው ራሱን ሲያይ በመጀመሪያ ይስቃል።
ከዚያ ጠብታው ተሰማ።
ከዚያ ወንበሩ መጣ፤ ወንበሩን ሁሉም ያውቀዋል።

ስኬቮስ ከኋላችን ነበር።
ፊልሙ ሲጀምር ቴሜሊና ጆሮዬ ላይ
"ትንፋሹን ይዟል" ብላኝ ነበር፤
"ሦስት ደቂቃውን ሊጨርሰው ነው፣ ያ ሞኝ።"
ዞሬ አላየሁም። ቆጠርሁ።
ሠላሳ። ሠላሳ አምስት።
አርባ ሲሆን፣
ከጥልቅ ውሃ እንደሚወጣ ሰው
በጨለማው ውስጥ አየሩን ሲጎትት ሰማነው፤
ረጅም፣ ሻካራ፣ የሚያፏጭ።

እሱ ድምፅ ፊልሙ ውስጥ የለም።
ማይኩ ሻንጣዬ ውስጥ ነበር፣
ተጠቅልሎ።