ጠብቆ ይነበብ

ከደረቱ ወደ ላይ ነው፣ አገር ቃሚሶን የሚያውቀው፤
ታችኛውን እኔ አየሁ፣ ሌንስ ዝቅ ብሎ የማይዘልቀው፤
ላዩ ኮት ከነከረባቱ፣ ሥሩ የተጠቀለለ ሱሪ፣
ነጠላ ጫማ፣ የሐይቅ ጭቃ፤
የሁለት ሰዓት ዜና አንባቢ፣ እስከ አሥር ሰዓት አሣ አስጋሪ።

ከጆሮው ኋላ የማትጠፋ፣ ጥርስ የቆረጠማት እርሳስ፣
በሚጠብቀው ፊደል ራስ ላይ ነጥብ ትጥላለች፣ ቃል እንዳይፈርስ።
«እያት» ይለኝ ነበር፣ «ይቺን ቃል፤ ‘አለ’ ብለው ጽፈዋታል።
ላልታ ስትነበብ፣ ሰውየው ተናግሯል፤
ጠብቃ ስትነበብ፣ ሰውየው ይኖራል።
በወሬና በነፍስ መሀል
አንዲት ነጥብ ናት ያለችው።»

ሠላሳ ዓመት ያነበበው፣ የላላ «አለ» ነው አብዛኛው፤
ኃላፊው አለ፣ ቢሮው አለ፣ ኮሚቴው አለ፣ ዳኛው፤
ድልድዩ ያልቃል አለ፣ ውሃው ይገባል አለ፤
ፀጉሩ እዚያው ላይ ነጣ፣ ጉሮሮው እዚያው ላይ ዛለ።

አንድ የሐምሌ ማታ ታዲያ፣ ከታቦር ነፋስ ሲወርድ፣
አንዲት ጀልባ ተገለበጠች፤ ሐይቅ መች ያውቃል ዘመድ።
ዜናው አርባ ሰከንድ። ስሙ ሦስት።
ሁለቱ ተገኝተዋል፤ የሚፈለገው ሻመና፣
የእናቱ ልጅ።
ሌላ ሰው ይቀመጥ ተባለ፤ እሱ «ተዉኝ» አለና
(ይቺ ላልታ ትነበብ)
ተቀመጠ።

ድምፁ አልተሰበረም። ዐይኑም ከሌንሴ አልሸሸ።
ከጠረጴዛው ሥር ብቻ ጉልበቱ ከጉልበቱ ይጋጫል፣
እርጥብ ነጠላ ጫማው ወለሉን ይመታል።
እኔም ካሜራዬን ዝቅ አላደረግሁም፤
ክብር ይሁን ክፋት፣ እስከ ዛሬ አልለየሁም።

መብራት ሲጠፋ ወረቀቱን አነሣሁት።
ከኅዳጉ ላይ ያላነበባት አንዲት መስመር፦
«ሻመና አለ።»
ነጥቧ ወረቀቱን በስታ ወጥታለች።

ሻመና አልተገኘም።

አሁን ጡረታ ነው። ቅዳሜ ጠዋት አሞራ ገደል፣
አባ ኮዳ ኮቱን ደርቦ እንደ ጡረተኛ በቆመበት፣
ዋጋ ጠየቀ።
ልጅቷ ከነቢላዋዋ ቀና አለች፤
ፊቱን አላወቀችውም፣
ድምፁን ግን!
«የዜናው ሰውዬ! ሞተ አልተባለም እንዴ?»
ስልኳን ሚዛኑ ላይ አስደግፋ፣ ጣቷ ቅርፊት እንደ ለበሰ፣
እናቷ ዘንድ ደወለች፦
«እማዬ፣ ሰውየው አለ!»

ቃሚሶ ወደ እኔ ዞረ።
እጁ ሄዶ ከጆሮው ኋላ ዳበሰ፤ እርሳስ የለም።
«አጠበቀችው» አለኝ።

አሣውን ሳትመዝን ጠቅልላ ሰጠችው።